ድሬዳዋ ማለት ምን ማለት ነው? ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር

ማክሰኞ፦ ቢሾፍቱና አዳማ

ድሬዳዋ የሚለውን ስም ኦሮምኛ ተናጋሪውም፣ ሶማሊኛ ተናጋሪውም፣ አማርኛ ተናጋሪውም በየራሱ ይፈታዋል። ፍቺዎቹ ግን አይገናኙም። ነገሩ ሲከነክነኝ ቆይቶ እዚያው ሄጄ ሰው ልጠይቅ ብዬ ተነሳሁ። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና መሄድ የመረጥኩት ግን መንገዱ ራሱ በስም የተሞላ ስለሆነ ነው፤ ከዚህ እስከ ሐረር ግንብ ድረስ ሁለት ሦስት ስም የሌለው ከተማ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

መነሻዬም ያው ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃው አጠገብ ሰፍረው አዲስ አበባ ሲሉ ቦታው ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ ፊንፊኔ በኦሮምኛ የሚፈልቅ ውሃ ነው። ፍልውሃ የሚለው አማርኛም ያንኑ ነው የሚለው። አንዱ ሰው ውሃውን አየ፣ ሌላው አበባውን። ሁለቱም እዚያው ነበሩ።

ቃሊቲ መናኸሪያ ረዳቱ "ናዝሬት! ናዝሬት! አዳማ!" እያለ ይጮሃል። ሁለቱንም ስም ይጠራል፣ ማንም ግራ አይገባውም። ፈጣኑን መንገድ ትቼ በአሮጌው ሄድኩ፣ ምክንያቱም ቢሾፍቱ ላይ መውረድ ፈልጌ ነበር።

ቢሾፍቱ ውስጥ ውሃው ነው ስም ያወጣው። ቢሻን በኦሮምኛ ውሃ ነው፤ ከተማዋም ሐይቅ በሐይቅ ናት። ሆራ የሚለውም ተራ የሐይቅ ስም አይደለም፤ ከብት የሚወደው፣ ጨውና ማዕድን ያለው ውሃ ሆራ ይባላል። ኢሬቻ የሚከበረውም እዚሁ ሆራ አርሰዲ ዳር ነው። በኃይለ ሥላሴ ዘመን ደብረ ዘይት ተባለች፣ የወይራ ተራራ ማለት ነው፣ ከኢየሩሳሌሙ ተራራ የተወሰደ ስም። የዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድም ደብረ ዘይት ይባላል፣ ስለዚህ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ስሙ በየዓመቱ የሚታደስ ነው።

ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ንጉሡ የተወለዱት በ1884 ዓ.ም. ከሐረር ወጣ ብሎ ባለው ኤጀርሳ ጎሮ ነው። ኤጀርሳ ደግሞ በኦሮምኛ ወይራ ነው። በወይራ ስም በሚጠራ መንደር የተወለዱ ሰው፣ በእሳቸው ዘመን ደግሞ አንድ ከተማ በግዕዝ ወይራ ተባለ። ታስቦበት ነው አልልም። ግን ደስ ይላል።

ወደ አዳማ የደረስኩት ከሰዓት ነው። እውነቱን ለመናገር ለድሬ ብዬ ወጥቼ አዳማ ላይ ብዙ ሰዓት ያሰብኩት ስለራሷ ስለ አዳማ ነው። የከተማው ሰው ብትጠይቁት "አዳሚ" ይላችኋል፤ ቁልቋል ማለት ነው። ዙሪያውን ላለው ደረቅ ኮረብታ የሚስማማ ስም ነው። ከዚያ ኃይለ ሥላሴ ናዝሬት አሏት፣ በክርስቶስ ሀገር ስም። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ በይፋ ወደ አዳማነቷ ተመለሰች። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን አዳማ የሚለው ድምፅም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። ዘፍጥረት 14 ላይ ነገሥታት ሲዋጉ ከሰዶምና ከገሞራ ነገሥታት ቀጥሎ "የአዳማ ንጉሥ" ይመጣል። በዕብራይስጥ አዳማ አፈር፣ መሬት ማለት ነው፤ አዳምም ከአፈር የተበጀ ስለሆነ ስሙ ከዚያው ይነሳል። የቁልቋሏ አዳማና የአፈሯ አዳማ አይዛመዱም። አንዷ ኦሮምኛ ናት፣ አንዷ ዕብራይስጥ። ድምፃቸው ነው የተገጣጠመው። ከዚያም አልፎ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ አዳማ የሰው ስም ነው። የጋምቢያው ፕሬዚዳንት አዳማ ባሮው ናቸው። ናይጄሪያ ውስጥ አዳማዋ የሚባለው ግዛት ደግሞ ስሙን ያገኘው ሞዲቦ አዳማ ከሚባል የፉላኒ መሪ ነው። ስለዚህ "አዳማ" የሚል አንድ ቃል ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለአራት ሰው ብታሳዩ፣ አንዱ ቁልቋል ያያል፣ አንዱ አፈር፣ አንዱ የጎረቤቱን ልጅ፣ አንዱ ግዛቱን። አራቱም ልክ ናቸው።

ማታ ሆቴሉ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ጥበቃ አገኘሁና "አባባ፣ እርስዎ ማን ይሏታል?" አልኳቸው። "ደብዳቤ ላይ አዳማ፣ እናቴ ጋ ስሄድ ናዝሬት" አሉኝ። እናታቸው አሁንም አሉ።

ረቡዕ፦ በአዋሽ በኩል ወደ ጭሮ

ዛሬ መንገድ ብቻ ነው። ሙቀቱ መተሐራ ላይ ይጀምራል። በግራና በቀኝ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከፊት የፈንታሌ ተራራ፣ ከጎን በሰቃ ሐይቅ። በሰቃ በጥቂት አሥርት ዓመታት እጅግ ሰፍቶ መንገዱንም ሐዲዱንም ከቦታቸው ያስነሳ ሐይቅ ነው። ውሃው ሲሰፋ ስሙም እየሰፋ ሄዷል፤ ድሮ ሜዳ የነበረውንም ዛሬ ሰው በሰቃ ብሎ ነው የሚጠራው።

አዋሽ ስንደርስ ምሳ በላን። አዋሽ ወንዝ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ይነሳል፣ ቆቃ ላይ ይገደባል፣ ስምጥ ሸለቆውን ይዞ ይወርዳል፣ አፋር ምድር ገብቶ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ባሕር አይደርስም። በመንገዱ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ አፋርኛ የሚናገሩ ሰዎችን ያጠጣል። እዚህ ያለው ከተማ አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው፣ ወደ ሰሜን ደግሞ አዋሽ አርባ አለ። ወንዙ ስም ሰጠ፣ ቁጥሩን ሰው ጨመረበት።

ከሚኤሶ በኋላ መኪናው ወደ ጨርጨር ተራሮች መውጣት ጀመረ፣ አየሩም ቀዘቀዘ። አመሻሽ ላይ ጭሮ ገባን። ጎኔ የተቀመጠችው እናት ግን ስልክ ላይ "አሰበ ተፈሪ ደርሻለሁ" ነው ያሉት። ተፈሪ ያሉት ራስ ተፈሪን ነው፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑትን። እዚህ ሀገር ከተማ ስሙን ሲቀይር አሮጌው ስም አይሞትም፤ በትልልቅ ሰዎች አፍ ውስጥ ይቆያል፣ በተለይ ስልክ ላይ። አልጋ ያዝኩ፣ ተኛሁ።

ሐሙስ፦ ጨለንቆ፣ ቁልቢ፣ ደንገጎ

ጠዋት የተነሳነው ጭጋጉ ሳይለቅ ነው። ይህ መንገድ ከሀገራችን መንገዶች ሁሉ እኔ በጣም የምወደው ነው፤ በተራራ ጫፍ ላይ ይሄዳል፣ በአንድ በኩል የማሽላ እርከን፣ በሌላ በኩል ወደ ቆላው የሚወርድ ገደል፣ ጫት የጫኑ መኪኖች ደግሞ ነፍስ የላቸውም፣ እንደ ጥይት ነው የሚያልፉት።

ጨለንቆ ላይ ሁላችንም ዝም አልን። በጥር 1879 ዓ.ም. የምኒልክና የሐረሩ አሚር አብዱላሂ ሠራዊት የተዋጉት እዚህ ነው፣ ሐረርም ከዚያ በኋላ ነጻ አሚር አልነበራትም። ዓመቱን ልብ በሉ። አዲስ አበባ ስሟን ባገኘችበት ዓመት ነው። በአንድ በኩል አዲስ ከተማ ስም ሲወጣላት፣ በሌላ በኩል የአንዲት ጥንታዊ ከተማ ነጻነት አበቃ። የምሥራቁ ሰው ጨለንቆን ሲያነሳ ድምፁ የሚለወጠው ለዚህ ነው፣ ሊከበርለትም ይገባል።

ቁልቢን ሁሉም ያውቃል። ራስ መኮንን ያሠሩት የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 መንገዱ በሰው ይሞላል። አማርኛ ብቻ ለሚሰማ ሰው ቁልቢ ማለት ገብርኤል ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይመጣለትም። ኦሮምኛ የሚሰማ ጆሮ ግን ቁልቢ ሲባል ሽንኩርት ይሰማዋል። አንድ ጎረምሳ ረዳት ይህን ሲነግረኝ እንደ ተራ ነገር ነበር የነገረኝ። ስለት ለማድረስ ከሩቅ በእግሩ የመጣ ሰው፣ እዚያው ማሳ ላይ የሚሠራ ገበሬ፣ ያው አንድ ስም፣ ግን ልባቸው ውስጥ የሚመጣው ነገር የተለያየ ነው።

ደንገጎ ላይ መንገዱ ይከፈላል። ቀጥታ ወደ ሐረር፣ ወደ ግራ ወደ ድሬ። ግራውን ያዝን። ቁልቁለቱ ጆሮ ይደፍናል። ከታች ሰፊው ሜዳ ሲታይ አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ፦ ስለ ስሙ የፈለገ ይባል፣ "ድሬ" የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ድሬ በኦሮምኛ ሜዳ ነው። ቦረና ውስጥም ድሬ አለ፣ ባሌ ውስጥም ድሬ ሼክ ሁሴን አለ። ከደንገጎ ወደ ታች ያየ ሰው ይህን ቦታ ሜዳ ሳይል አያልፍም።

ዓርብ፦ ድሬ

ድሬ ውስጥ መጠየቅ ቀላል ነው፣ ሰው ይቀርባል። የድሬ ሰው አንቱታ አያበዛም። የአባቴ እኩያ የሚሆን ሰው "አንተ፣ ና እዚህ ጥላ ስር ተቀመጥ አቦ" ብሎ ጠራኝ። እኔ "እሺ ጋሼ" ስለው ሳቀብኝ፣ "አንተ በለኝ፣ እዚህ ሁሉም አንተ ነው" አለኝ። ከዚያ በኋላ እኔም አንተ አልኩት።

ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሸማንደፈር ነው። ሸማንደፈር የፈረንሳይኛው የባቡር መንገድ ነው፤ ድሬ ግን ቃሉን አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ አድርጋዋለች። "ባቡሩ ባይኖር ድሬ የለችም" አለኝ፣ እውነቱን ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ታች ሜዳው ላይ ቆመ። በ1895 ዓ.ም. መጀመሪያ ባቡሩ እዚህ ደረሰ። አዲስ አበባ እስኪደርስ 1909 ሆነ። በእነዚያ ዓመታት መሃል ይህች ከተማ የመስመሩ ሁሉ ልብ ነበረች። መንግሥትም "አዲስ ሐረር" የሚል ስም አውጥቶላት ነበር። አልያዘም። ሰው ድሬዳዋ ማለቱን ቀጠለ።

እንግዲህ ወደ ስሙ። የሸማንደፈሩ ሰው የነገረኝ አማርኛውን ነው። ዳዋ ሰው የማይደርስበት ቁጥቋጦ ነው፣ "ዳዋ በላው" እንደምንለው። ድሬ ሜዳ፣ ዳዋ ቁጥቋጦ፣ አለቀ። ባቡር ከመምጣቱ በፊት እንዲህ ነበር ይላል።

ከዚያ ወደ ገበያው ሄድኩ። ቅመም የምትሸጥ አንዲት እናት "ድሬ ዸዋ" አለችኝ፣ ዸ ላይ ድምፁን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ። ለእሷ መድኃኒት ያለበት ሜዳ ነው። ዐረብኛም ደዋ መድኃኒት ነው፣ ብዙ የምሥራቅ ሰው ደግሞ ዐረብኛውን በቁርኣን ያውቀዋል፣ ስለዚህ ይህ ፍቺ ሁለት ምርኩዝ አለው። የትኛው መድኃኒት ነው ስላት ወደ ኮረብታው ጠቆመች፣ ቅጠሉ ነው ማለቷ ነው።

ሶማሌው ደግሞ ጨርቅ ነጋዴ ነው። "ወንድሜ፣ ዲሪ ዸባ ነው" አለኝ። ዲር ከትልልቆቹ የሶማሌ ነገዶች አንዱ ነው። አባታቸው ዲር ጦሩን መሬት ላይ የወጋበት ቦታ ነው ይላሉ፣ ቦታውን የያዘበት ማለት ነው። ይህን ሲነግረኝ እጁን ከፍ አድርጎ ጦር እንደሚወረውር ሰው ወደ መሬት ሰደደው። ሱቁ ውስጥ ያሉት ሁሉ አዩን።

ሦስቱን ሰምቼ ስወጣ አንድ ነገር ገረመኝ። የእናትየዋም የሶማሌውም ዸ ላይ አማርኛ የሌለው ድምፅ አለ። አማርኛው "ዳ" አድርጎ አለስልሶታል፣ ሲለሰልስ ደግሞ ዳዋ የሚለው የራሱ ቃል መጣለት። ሁሉም ቋንቋ ያደረገው ይህንኑ ነው፦ የሰማውን ድምፅ ወደሚያውቀው ቃል ወሰደ። የማን ነው ትክክል ብሎ የሚጣላ ሰው አለ፣ በተለይ ስልክ ላይ የሚጽፈው። እኔ ከዚህ ቆሜ የማየው ግን ሦስት ሕዝብ አንድ ቦታ ላይ እንደኖረ ነው። ቅጠሉን ያየ አለ፣ ጦሩን ያየ አለ፣ ቁጥቋጦውን ያየ አለ። የአንዱን ስም ሰርዞ የሌላውን ማስቀረት ማለት ያ ሰው እዚህ አልነበረም ማለት ነው። ይህን ማንም እንዲያደርግ አልፈልግም።

ከሰዓት በኋላ ሽርጥ የለበሱ ወንዶች በየበሩ ሲጋደሙ እኔ ከተማውን ዞርኩ። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ከተማውን ለሁለት ይከፍለዋል። በአንድ በኩል ከዚራ፣ ፈረንሳዮቹ በመስመር የቀየሱት፣ ዛፉ መንገዱን የሸፈነው። በሌላው መጋላ። ወንዙ አሁን አሸዋ ብቻ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። አሮጌው ጣቢያም ከዚራ ውስጥ አለ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የሚቆመው፣ ስለዚህ በባቡር የምትመጡ ካላችሁ ለባጃጅ ወይም ለታክሲ አስቡበት።

ቅዳሜ፦ ሐረር

ከድሬ ሐረር በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ደንገጎን መልሶ መውጣት ነው፣ ከዚያ አወዳይ፣ የጫት ገበያው፣ ከዚያ ሐረር። አየሩ ወዲያው ይለወጣል።

ለከተማዋ ባለቤቶቿ የሰጧት ስም በጣም አጭር ነው። ጌይ። ከተማ ማለት ነው፣ በቃ። ቋንቋው ጌይ ሲናን፣ የከተማ ቋንቋ። ሰው ጌይ ኡሱእ፣ የከተማ ሰው። ሌላ ከተማ በሜዳው ወይም በውሃው ይጠራል፣ እነሱ ግን "ከተማ" ካሉ ይህችን ነው። ኦሮሞው ከውጭ ሆኖ አዳሬ ቢዮ ይላታል፣ የአዳሬዎች ሀገር። ሶማሌውም አደሪ ይላታል። ለኔና ለእናንተ ሐረር።

ጀጎልን፣ የከተማዋን ግንብ፣ የሠሩት አሚር ኑር ናቸው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ግንቡ ውስጥ 82 መስጊድ አለ፣ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆሙ ናቸው፤ 102 የአውሊያ ቦታም አለ። በሮቹን አንድ በአንድ እየዞርኩ ስማቸውን ጠየቅኩ። ሐረሪው አስመዲን በሪ የሚለውን አማርኛው ሸዋ በር ይለዋል። አርጎብ በሪ ኤረር በር ነው። በድሪ በሪ ቡዳ በር። "በሪ" እና "በር" ወንድማማች ናቸው፣ ሐረሪ ከአማርኛ ጋር አንድ የሴም ቤተሰብ ስለሆነ። ስሞቹ ግን የተለያየ ቦታ ነው የሚያዩት። ሸዋ በር ማለት ከዚህ ወጥቼ ወደ ሸዋ እሄዳለሁ የሚል ሰው ያወጣው ስም ነው። ከሸዋ የመጣ ወታደር ወይም ሹም ሌላ ምን ይላል?

ከፈረስ መጋላ አደባባይ እስከ ጊዲር መጋላ ገበያ ያለችውን ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይሏታል። መኪና የጣልያንኛው ማኪና ነው፤ እዚህ ያለው የልብስ ስፌት መኪና ነው፣ ግርግር ደግሞ ድምፁ። በሁለቱም ወገን ወንዶች ተቀምጠው ይሰፋሉ፣ ጨርቅ ገዝታችሁ እዚያው ቆማችሁ ታሰፋላችሁ። እኔም ሸሚዝ አሰፋሁ።

ፈረስ መጋላ ላይ ቡና እየጠጣሁ ነው ይህን የምጽፈው። አደባባዩ ድሮ ፈረስ የሚሸጥበት ነበር። አሁን ባጃጅ ነው። ዙሪያዬ ያሉትን ሰዎች ሁሉ ስሙ ምን ማለት ነው አልኳቸው። ቡና የምታፈላው ልጅ ኦሮሞ ናት፣ "ፈርዳ፣ ፈረስ፣ ያው ነው፤ መጋላ ገበያ" አለች። ጎኔ ያለው ሶማሌ ሹፌር "ፈረስ እኛም ፈረስ ነው፣ መጋሎ ደግሞ ከተማ" አለ። ሐረሪዋ እናት፣ ሰው ሁሉ በሐረሪ "አይ"፣ እናት ማለት ነው፣ እያለ በአክብሮት የሚጠራት፣ "መጋላ ገበያ ነው፣ ጊዲር መጋላ ደግሞ ትልቁ ገበያ፣ እዚያ ታች" ብላ አሳየችኝ። መስጊድ የሚያስተምር ሽማግሌ "ፈረስ ዐረብኛ ነው" አለ። እኔ አማርኛ ነው ልል ነበር፣ ግዕዝም ነው ልል ነበር። ተወያየን፣ ተሳሳቅን፣ ቡናው ሁለተኛ ቀረበ።

ለድሬዳዋ ሦስት ፍቺ ይዤ መጥቼ፣ እዚህ አምስት ቋንቋ ሳይተረጎምለት የሚስማማበት ስም አገኘሁ። ፈረሱም ገበያውም የሁሉም ስለነበሩ ይመስለኛል። ሰው አብሮ የሚገበያይበት ቦታ ላይ ቃሉም አብሮ ይገበያያል።

ለመሄድ ያሰባችሁ፦ በሮቹን በጠዋት ዙሯቸው፣ ሙቀት ባይኖርም ሰዉ የሚቀመጠው በጠዋት ነው። አስጎብኚ ብትይዙም የበር ስም ግን በሩ ስር የተቀመጠ ሰው ጠይቁ፣ አንድ ሰው ሳይሆን ሁለት ሦስት ሰው፣ የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩትን። ጊዲር መጋላ ውስጥ ቅመም የሚሸጡት እናቶች ጊዜ ካላቸው ብዙ ይነግሯችኋል፣ ከጠየቃችሁ በኋላ ግን ዝም ብላችሁ አትሂዱ፣ አንድ ነገር ግዙ። እኔ ነገ ወደ ኤጀርሳ ጎሮ እወጣለሁ፣ ወይራው አሁንም እንዳለ ማየት እፈልጋለሁ።